ትንሿ ቤተ ክርስቲያንና የእናቶች እንዝርት፦ ስለ ትርፍ ጊዜ የእጅ ሥራ ለአጥቢያዎች የቀረበ ማብራሪያ

የልማት ነገር በተነሣ ቁጥር በዚህ ዜና መጽሔት ገጾች ላይ የሚነበበው ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ነው። የእጅ ሥራም ቢሆን የሚነሣው «ገቢ ማስገኛ» በሚለው ርእስ ሥር ብቻ ነው፤ ስንት ጋቢ ተሠራ፣ በስንት ብር ተሸጠ ተብሎ ይዘገባል። ይህ ተገቢ ነው፤ የተራበ ሰው አስቀድሞ የሚሻው እህል ነው። በዚህ እትም ግን ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶቻችን ለማብራራት የፈለግነው ለገበያ የማይወጣውን የእጅ ሥራ ነው፤ ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ደስ ስላለው ብቻ የሚሠራውን። ከዚሁም ውስጥ ሁለቱን መርጠናል፤ የቤትና የቤተ ክርስቲያን ትንንሽ አምሳያ መሥራትን፣ እንዲሁም የፈትልና የሽመናን ሥራ።

ወደ አጥቢያዎች በወጣን ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈትተው የምናያቸው በዕድሜ የተራራቁ ሁለት ወገኖች ናቸው። አንዱ ወገን አረጋውያን፣ በተለይም እናቶች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈትሉ የኖሩ እናት ዛሬ የፋብሪካ ልብስ ገበያውን ሲሞላው፣ ልጆቻቸውም «በቃሽ፣ አሁንስ ዕረፊ» ሲሏቸው እንዝርታቸውን ከጣሪያ ሥር ሰክተው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ዕረፍት የሰጧቸው ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን ከእንዝርቱ ጋር የሄደው ድካሙ ብቻ አይደለም፤ አብረው እየፈተሉ የሚጨዋወቱ ጎረቤቶችም፣ «እኔም የምሠራው አለኝ» የሚለው ክብርም አብረው ሄደዋል። ሁለተኛው ወገን በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እጁ ከስልክ የማይለየው ታዳጊ ነው። እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ጥላ ሥር ሊያስቀምጥ የሚችል ሥራ ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ከላይ የጠቀስነው ነው።

የእጅ ሥራ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አለመሆኑን ለካህናት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። በኦሪት ዘጸአት ሙሴ ድንኳኑን ከመሥራቱ በፊት በተራራው ላይ ምሳሌውን አይቷል፤ ባስልኤልና ኤልያብም የጥበብ መንፈስ የተሰጣቸው ለእጅ ሥራ ነው። በዚያው መጽሐፍ በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶች በእጃቸው የፈተሉትን ይዘው መጥተዋል። የሐዋርያት ሥራ ስለ ጣቢታ ሲተርክ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። በሥዕሎቻችንም ላይ እመቤታችን የመልአኩን ብሥራት ስትሰማ እንዝርትና ፈትል ይዛ እናያታለን። ከመነኮሳትም አባታችን ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ታክቶ ሳለ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ እየታታ፣ ደግሞ ተነሥቶ እየጸለየ የሚሠራውን መልአክ አይቶ ስልቹነትን ድል መንሣት እንደ ተማረ ይነገራል። ይህ የመጨረሻው ታሪክ ለርእሳችን ከሁሉም ይቀርባል፤ መታታቱ ያስፈለገው ልብን ለመሰብሰብ ነበርና።

ሆኖም አንድ የቆየ እንቅፋት አለ። በአገራችን ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲነቀፉና ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! ዛሬ ስድቡ በአደባባይ ባይሰማም ልጄ ጭቃ አይነካም፣ ሸማ አይሠራም የሚል ወላጅ አልጠፋም። የደብሩ አስተዳዳሪ በአንድ የጉባኤ ቀን ስለ ባስልኤል ቢያስተምሩና ከትምህርቱ በኋላ የልጆቹን ሥራ ቆም ብለው ቢያዩ፣ ከእኛ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያ ይሠራል።

ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ስለ መሥራት

ቤትን አሳንሶ መሥራት ከውጭ የመጣ የሀብታም መዝናኛ የሚመስላቸው አሉ። በአክሱም አቅራቢያ በሐውልቲ በተደረገ ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረ ዘመን ከሸክላ የተሠሩ የትንንሽ ቤት አምሳያዎች ተገኝተዋል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶችም በር፣ መስኮትና ደርብ የተቀረጸባቸው የቤት ምስሎች ናቸው፤ እነዚያ ግን በማሳነስ ፈንታ ያገነኑ ናቸው። የገጠር ልጅማ የማሽላ አገዳ ልጦ፣ በራሱ ልጣጭ እየወጋ ቤትና በሬ ሲሠራ ማንም አላስተማረውም።

እኛ የምንመክረው ልጆቹ ያንኑ ችሎታ ይዘው የገዛ አጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን በልክ እንዲሠሩ ነው። ሥራው በልኬት ይጀምራል። ክብ ቅርጽ ያላት፣ ወርዷ 12 ሜትር የሆነ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያንን እናስብ። ይህን ወርድ ከዳር እስከ ዳር በገመድ መለካት አይቻልም፤ መካከሉ መቅደስ ነውና። ስለዚህ ልጆቹ በውጭ በኩል ዙሪያውን በገመድ ይለካሉ፤ 37 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ያገኛሉ፤ ይህንንም ለ3.14 ሲያካፍሉ 12 ይመጣል። በሒሳብ ክፍል የተማሩት ቁጥር ለምን እንደሚጠቅም ብዙዎቹ የሚያውቁት በዚያን ጊዜ ነው። ለግድግዳው ቁመት መሰላል አያስፈልግም፤ ቁመቱ የታወቀ ልጅ በግድግዳው አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣና ግድግዳው የእርሱን ስንት እጥፍ እንደሚሆን ከምስሉ ላይ ይሰላል። ያ የምናማርረው ስልክ በዚህ ጊዜ ያገለግላል።

በአምሳያው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የእውነተኛውን ሕንፃ 50 ሳንቲ ሜትር ይወክል ብንል፣ የ12 ሜትሩ ወርድ 24 ሳንቲ ሜትር፣ የ3 ሜትር ተኩሉ ግድግዳ 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በቅኔ ማኅሌቱ የሚቆሙት መዘምራን አምሳያ ቢሠራላቸው ቁመታቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ለውጭው ግድግዳ ከካርቶን 77 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ይበቃል፤ 75 ተኩሉ ለዙሪያው፣ ቀሪው ለመደረቢያ። ጣሪያው ልጆቹን ለጊዜው ያስጨንቃቸዋል፤ ጠፍጣፋ ካርቶን እንዴት ሾጣጣ ይሆናል? መልሱ ቀላል ነው። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይቆረጥና ከውስጡ 80 ዲግሪ የሚያህል ቁራጭ እንደ ድፎ ዳቦ ተከፍሎ ይወጣል። የቀረው ሲገጣጠም የታችኛው ወርዱ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣሪያ ይወጣዋል፤ ይኸውም በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ታዛ ይተርፈዋል ማለት ነው። በላዩ ሣር በረድፍ በረድፍ ይለጠፋል፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ፣ እውነተኛው ሣር ክዳን እንደሚከደነው። ከላዩ ጉልላቱና መስቀሉ ይቆማሉ።

ካርቶን ለጀማሪ ይመቻል፤ ነገር ግን ልጆቹ ከለመዱ በኋላ ቀጫጭን እንጨት ማግረው በጭቃ ቢመርጉ ደስታው የተለየ ነው። ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት ጥቂት ቀናት ካልሰነበተ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመምረግ ሁለት ጊዜ አሳስቶ መምረግ፣ ከፀሐይ ይልቅ በጥላ ማድረቅ ይሻላል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ አባቶች በየአጥቢያው አሉ፤ የመንደሩ ቤት በሞላ በእጃቸው ያለፈ፣ ዛሬ ግን ብሎኬትና ቆርቆሮ መጥቶ ማንም የማይጠይቃቸው። ልጆቹ ወደ እነርሱ ሄደው «አባቴ፣ ማገሩ እንዴት ነው የሚታሰረው?» ብለው ሲጠይቁ የሚሆነውን ማየት ነው።

ውስጡ ሲደርስ ሥራው ትምህርተ ሃይማኖት ይሆናል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ የሚሉትን ስሞች በቃል ያጠና ልጅ ብዙ ነው፤ ሦስቱን በእጁ ከፍሎ የሠራ ልጅ ግን ማኅሌት የሚቆመው የት እንደ ሆነ፣ ሥጋ ወደሙ የሚቀበለው የት እንደ ሆነ፣ ወንዶች በሰሜን ሴቶች በደቡብ የሚገቡት በየትኛው በር እንደ ሆነ አይስተውም። ምሥራቁን ለማግኘትም በማለዳ ወጥቶ ፀሐይ የምትወጣበትን ማየት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ካህናትን አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። የመቅደሱ ውስጥ ባዶ ይተው። የታቦት አምሳያ በጨዋታም ሆነ በትምህርት ስም አይሠራ፤ በመቅደሱ በር ላይ መጋረጃ ብቻ ይሰቀል። ልጆቹ «ከመጋረጃው ኋላ ምን እናድርግ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ምንም አታድርጉ ተብለው ምክንያቱን ከካህኑ አንደበት ቢሰሙ፣ ስለ ምሥጢር ክብር ከዚያ የተሻለ የማስተማሪያ ጊዜ አይገኝም።

ለሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ይህ ሥራ ከመዝናኛነት ያለፈ ጉዳይ አለው። ብዙ አጥቢያዎች ያረጀውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው በኮንክሪት አዲስ ሕንፃ እያነጹ ነው። ምእመኑ ስለ በዛ፣ ጣሪያው ስላፈሰሰ፣ በቂ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን አሮጌው ከፈረሰ በኋላ ቁመቱ ስንት እንደ ነበር፣ መስኮቶቹ በየት በኩል እንደ ነበሩ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ ሳይቀር ይጠፋል። የማፍረሱ ሐሳብ በጉባኤ በተነሣበት ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በገመዳቸው ቢላኩ፣ አምሳያው ከነልኬት መዝገቡ በአጥቢያው ይቀራል። የአዲሱም ሕንፃ ዕቅድ በምእመናን ፊት ሲቀርብ የመሐንዲስን ሥዕል ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ትንሿን አምሳያ አይተው «በሩ ጠበበ፣ የሴቶቹ በኩል ጨለመ» ሊሉ ይችላሉ። ያን ቃል ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከመስማት በካርቶን ላይ መስማት ይረክሳል።

ስለ ፈትልና ስለ ትንሿ ሽመና

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የማያውቅ ልጅ የለም። ድር የትኛው፣ ማግ የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቅ የሚመልስ ግን ከከተማ ልጆች መካከል ጥቂት ነው። ድር በቁመት የሚወጠረው፣ ማግ በመካከሉ እየተወረወረ የሚያያዘው ነው። ዛሬ ብዙው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ይገዛል፤ የጋቢውን ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው ግን አሁንም በእጅ የተፈተለው ማግ ነው። እናቶች እንዝርታቸውን ሲሰቅሉ የሚጠፋውም ይህ ነው።

ለማያውቁት ሥራውን በአጭሩ እናስረዳ። ጥጡ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ፍሬው በለስላሳ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲነዘር ጥጡ ተበትኖ እንደ ደመና ያብጣል፤ ይህ ባዘቶ ነው። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ ፈታይዋ ከአመልማሎው ጫፍ በጣቶቿ እየሳበች እንዝርቱን ታሾራለች፤ ክሩም በእንዝርቱ ላይ ተጠምጥሞ ልቃቂት ይሆናል። ምሥጢሩ ሁሉ በሁለቱ ጣቶች መካከል ነው። ጠበቅ ካደረጉት ይበጠሳል፣ ላላ ካደረጉት ይወፍራል። ዓይናቸው የደከመ እናቶች ሳይቀሩ በዳበሳ አሣምረው የሚፈትሉት ለዚህ ነው፤ ክሩን የሚያየው ጣት ነውና። ጀማሪ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚፈትለው ክር አንድ ቦታ እንደ ገመድ፣ አንድ ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ይሆናል። አይጣልበት፤ ለማሠሪያ ይጠቅማል።

ሽመናው የጉድጓድ ዕቃ አይጠይቅም። እጁ የሚያህል ሣንቃ ይቆረጥና በላይና በታች ጠርዙ ላይ ትንንሽ ምስማር በግማሽ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ይመታበታል። ድሩ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ ይወጠራል፤ ማጉ በጆንያ መስፊያ መርፌ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያለፈ ይሄዳል፤ በተመለሰ ቁጥር ተራው ይገለበጣል፤ በማበጠሪያም ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይጠጋል። ጥለት የሚፈልግ በዳሩ ቀይና ወርቅማ ክር ያስገባል። መስቀል ሊጠልፍ ለሚሻ አንድ ምክር አለን፤ የድሩ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፤ 21 ወይም 31 ቢሆን መካከለኛው ክር የመስቀሉ ቋሚ ይሆናል። ጥንድ ከሆነ መስቀሉ መካከል አያገኝም።

እነሆ ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት በዚህ ነው። የመቅደሱ በር መጋረጃ በእውነተኛው 3 ሜትር ቁመትና 2 ሜትር ተኩል ወርድ ካለው፣ በአምሳያው 6 በ5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ማጉን እናቶች ይፈትላሉ፤ ልጆቹ ይሸምናሉ። ለወለሉ ምንጣፍ፣ ለደጀ ሰላሙ ሰሌን፣ ለበዓሉ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ሲታሰብ ሥራው አያልቅም። ዳንቴል የሚሠሩ ወጣት ሴቶች በኪሯቸው የጃንጥላውን ዘርፍ ያወጡታል፤ ስፌት የሚያውቁት በአክርማና በስንደዶ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መሶብ ሰፍተው በደጀ ሰላሙ ያስቀምጣሉ። እውነቱን ለመናገር ከመላው አምሳያ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያየው እንዲህ ያለችዋን መሶብ ነው።

በባሕር ማዶ ያሉ አጥቢያዎቻችንም ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን። በአሜሪካና በአውሮፓ ካሉት ብዙዎቹ ቀድሞ ለሌላ አገልግሎት በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ይቀድሳሉ። በዚያ የተወለደ ልጅ ክብ ቤተ ክርስቲያንን በሥዕል እንጂ በአካል አላየም። በአዳራሹ ጥግ የእናቱ ወይም የአያቱ አጥቢያ አምሳያ ቢቆም፣ ወላጅና ልጅ የሚነጋገሩበት ነገር ያገኛሉ፤ አማርኛውም በዚያው ይገባል፤ ማገር፣ ታዛ፣ ጉልላት የሚሉት ቃላት ያለ ዕቃው አይለመዱምና።

ስለ ቀኑና ስለ ሥርዓቱ

ከሰንበት ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ የሚመጣልን ጥያቄ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብናደርገውስ?» የሚል ነው። ለልጆቹ ይመቻል፤ ነገር ግን አንመክረውም። በሰንበትና በበዓል ቀን እንዝርት መያዝ ለእናቶች ከሕሊናቸው ጋር መጣላት ነው፤ ለደስታ የተሠራ ነው ተብሎም አይታለፍም። ቅዳሜም በብዙ አጥቢያ ሰንበት ተብሎ ይከበራል። ስለዚህ የደብሩን ወርኃዊ በዓላት የሚያውቁ ካህን ቀኑን ቢመርጡ፣ በሳምንቱ መካከል ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ለልጆች ከሁሉም የሚመቸው የፍልሰታ ጾም ነው፤ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ብዙዎቹ ለማስቀደስ በግቢው ይውላሉ፤ ከማለዳ ጀምሮ ቅዳሴ እስኪገባ ያለው ጊዜ ረጅም ነው።

ለራሳችን ለልማት ሠራተኞችም የምንናገረው አለ። አንድ እጅ ሲሠራ ባየን ቁጥር ቅጽ አውጥተን «በወር ስንት ታመርታላችሁ?» ማለት ልማዳችን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቅጹ ይቅር። ከእናቶቹ መካከል ሸጣ መጠቀም የምትፈልግ ብትኖር መልካም ነው፤ ለእርሷ ሌላ መርሐ ግብር አለ። የተሰባሰቡት ግን ለኮታ ከሆነ፣ ጣቷ የሚያማት እናት በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ስትመጣ ደግሞ እንደ ተረጂ አትቆጠር፤ መምህርት ናትና ወንበሯ ከፊት ይሁን፤ ብርሃን ያለበትና ነፋስ የማይገባበት ቦታ ይሰጣት፤ በየመካከሉም እጇን ታሳርፍ።

ወጪው ለአጥቢያ የሚከብድ አይደለም። ካርቶን ከሱቅ ይለመናል፤ ሙጫው ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ በእሳት ይበስላል። መግዛት የሚያስፈልገው ጥጥ፣ ጥቂት ምስማርና የቀለም ክር ነው። ምላጩንና መቀሱን አንድ ኃላፊ ይዞ ይስጥ፣ ቆጥሮም ይረከብ። የአምሳያው ጣሪያ ተነሥቶ የሚገጠም እንጂ የተጣበቀ አይሁን፤ ያለዚያ ውስጡን የሚያየው አይኖርም።

በክረምት ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ሊጀምሩ ያሰቡ አጥቢያዎች ልኬቱን በሐምሌ መጀመሪያ፣ ግድግዳውን በወሩ አጋማሽ ቢያደርጉት ጣሪያው ለፍልሰታ ይደርሳል። መጋረጃው ቢዘገይ አያሳስብም። ስንደዶው የሚለቀመውም በመስከረም ስለ ሆነ መሶቧና መጋረጃዋ አብረው ይገባሉ።